እንግሊዝኛ የማይችል ወላጅ ልጁን በእንግሊዝኛ የቤት ሥራ እንዴት ያግዝ?

የሰሚት እናት

ሰላም ለሁላችሁም። ልጄ 8ኛ ክፍል ናት፤ እዚሁ አዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የምትማረው። እስከ 6ኛ ድረስ ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ ስለነበር አብረን ቁጭ ብለን እንሠራ ነበር። ከ7ኛ ጀምሮ ሁሉም በእንግሊዝኛ ሆነ። ዘንድሮ ደግሞ ሚኒስትሪ አለባት።

እኔ የተማርኩት እስከ 8ኛ ነው። ፊደሉን አነባለሁ፤ ትርጉሙ ላይ እቸገራለሁ። አስጠኚ ለመቅጠር አቅሜ አይፈቅድም። ጎረቤቴ "ቴሌግራም ላይ የመጽሐፉ መልስ በሙሉ አለ፤ እሱን አውርጂላት" አለችኝ። ገልብጣ ራይት ብታገኝ ምን ይጠቅማታል ብዬ ተውኩት።

የትናንቱ ጥያቄ ሪፖርትድ ስፒች ነው። መጽሐፉ "አበበ ሰይድ፣ አይ ዊል ካም ቱሞሮ" ይላል። ልጄ "አበበ ሰይድ ዛት አይ ዊል ካም ቱሞሮ" ብላ ጻፈች። ኤክስ ሆነ። ለምን እንደሆነ አልተጻፈም። ለእሷም ለእኔም አልገባንም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ልጅሽ የጻፈችውን እኔም ክፍል በየዓመቱ አየዋለሁ። ሰነፍ ሆና አይደለም። በአማርኛ አስባ ነው የጻፈችው፤ በአማርኛ ደግሞ ልክ ናት።

እኛ የሰው ንግግር ስናስተላልፍ ሰውዬው ያለውን እንዳለ ነው የምንደግመው። "አበበ ነገ እመጣለሁ አለ" እንላለን። የሚመጣው አበበ መሆኑ ማንንም አያምታታም። እንግሊዝኛ ግን በዛት ስናገናኘው እንዲህ አይቀበልም። "አይ" ካለች የምትመጣው ልጅሽ ራሷ ሆነች ማለት ነው።

አሁን አንቺ እንግሊዝኛ ሳያስፈልግሽ እንዲህ ጠይቂያት። "የሚመጣው ማነው?" ትበያታለሽ። "አበበ" ትልሻለች። "ታዲያ ስለ አበበ ስታወሪ በእንግሊዝኛ ምን ትያለሽ?" በያት። እዚህ ላይ ራሷ ትነቃለች። ቀጥለሽ "አበበ ይህን የተናገረው መቼ ነው? አሁን ነው ወይስ ድሮ?" ብለሽ ጠይቂያት። ድሮ ከሆነ "ዊል" መለወጥ አለበት፤ "ቱሞሮ"ም እንደዚያው፤ ምክንያቱም የአበበ ነገ ዛሬ ላይ ነገ ላይሆን ይችላል። ምን ወደ ምን እንደሚለወጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ብዙ ጊዜ ከመልመጃው በፊት ይቀመጣል፤ እሱን ፈልጋ ታውጣ። መልሱን እዚህ አልጽፈውም። እሷ ሠርታ ትላክልን።

የመርካቶ ነጋዴ

ቲቸር ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህ ጊዜ ላለው ሰው ነው። እኔ ሱቅ ዘግቼ ቤት የምገባው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ልጄ እያንቀላፋ ይጠብቀኛል። የቤት ሥራ ደግሞ ማርክ አለው። ባዶ ደብተር ይዞ ሄዶ ከጓደኞቹ ፊት ከሚሸማቀቅ መልሱን ከስልክ አውጥቼ ብሰጠው ምን አለበት? ነገ አስተማሪው ያስረዳዋል።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ድካምህ ይገባኛል። "ነገ አስተማሪው ያስረዳዋል" ያልከው ላይ ግን ልንገርህ። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት፣ ክፍለ ጊዜውም አርባ ደቂቃ በሆነበት፣ አስተማሪው ማን እንዳልገባው የሚያውቀው ከደብተሩ ላይ ነው። ደብተሩ ሁሉ ራይት ከሆነ "ገብቷቸዋል" ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ልጅህ የጻፈው ስህተት ለእኔ መረጃ ነው። የተገለበጠው መልስ ግን ያንን መረጃ ይሸፍንብኛል።

አንድ ምሳሌ ልስጥህ። "ስለ ቤተሰባችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ" ብዬ አዘዝኩ። አንዱ ልጅ ቤተሰቡ እሁድ እሁድ በመኪና ወደ ባሕር ዳርቻ እየሄደ በአሸዋው ላይ ሳንድዊች እንደሚበላ ጻፈ። ቻትጂፒቲ ነው የጻፈለት። ይህ ልጅ እናቱ እንጀራ ጋግራ እንደምትሸጥ፣ እሱም ጠዋት ጠዋት ለደንበኞች እንደሚያደርስ አውቃለሁ። ጠርቼ "ይህን ተወውና ጠዋት የምታደርገውን በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍልኝ" አልኩት። ጻፈ። ግሦቹ ላይ "ኤስ" አልነበረም፣ ስፔሊንጉም ተዛብቷል። ግን የራሱ ነው። ከዚያ ላይ ማስተማር እችላለሁ።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም። ነገር ግን ፊዚክሱም ታሪኩም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄውን አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ ያወቀውን እንኳ ማሳየት አይችልም። እዚያ ደግሞ ስልክ ይዞ መግባት የለም።

ጅዳ ያለሁ እህታችሁ

እኔ ልጄን የማስጠናው ከሩቅ ነው። ልጁ ደሴ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው። እናቴ ማንበብና መጻፍ አልተማረችም፤ ግን በየማታው "ደብተርህን አውጣ" ብላ ታስቀምጠዋለች። እሱም የእንግሊዝኛውን ገጽ ጮክ ብሎ እያነበበ በኢሞ ድምፁን ይልክልኛል። ሥራዬን ጨርሼ ክፍሌ ስገባ አዳምጠዋለሁ። የተሳሳተውን ቃል መልሼ በድምፅ እልክለታለሁ። እናቴ ደግሞ "አነበበ ወይ?" ስላት "ቁጭ ብሎ ነበር፤ ድምፁ ግን እየቀነሰ ነው የመጣው" ትለኛለች። ድምፁ ሲቀንስ ያልገባው ቦታ እንደደረሰ አወቅኩበት። ፊደል ሳትቆጥር እንዲህ ትረዳኛለች።

አንድ ቀን "ዋት ታይም ዱ ዩ ጌት አፕ?" የሚል ጥያቄ ነበረው። "አይ ጌት አፕ አት ትዌልቭ ኦክሎክ" ብሎ ጻፈ። ኤክስ ተደረገበት። ልጁ እያለቀሰ "እማ፣ እኔ እኮ 12 ሰዓት ነው የምነሳው" አለኝ። እውነቱን ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12 ሰዓት ነው የሚነሳው። እኔ እዚህ በፈረንጅ ሰዓት ስለምውል ወዲያው ገባኝ። "በእንግሊዝኛ ስትጽፍ የኛን ሰዓት በስድስት አሸጋግረው፤ የኛ 12 የእነሱ 6 ነው፣ የኛ 2 የእነሱ 8 ነው" አልኩት። ከዚያ ወዲህ ራሱ እያሰላ ይጽፋል። እባካችሁ አስተማሪዎች፣ ይህንን ክፍል ውስጥ ንገሯቸው። ልጁ ያልቻለው ሰዓቱን እንጂ እንግሊዝኛውን አልነበረም።

የሰሚት እናት

ቲቸር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! እንዳሉኝ ጠየቅኳት። "የሚመጣው ማነው?" ስላት ትንሽ ቆየችና "ውይ፣ ሂ ነው እንዴ!" አለች። ሰንጠረዡንም እሷው አገኘችው፤ ከመልመጃው በፊት ባለው ገጽ ላይ ነበር። "አበበ ሰይድ ዛት ሂ ዉድ ካም ዘ ኔክስት ዴይ" ብላ ጽፋለች። ልክ ነው?

ቀጥሎ ያለው "ሳራ ሰይድ፣ አይ አም ሲክ" ነበር። እሱን እኔ ምንም ሳልላት "ሳራ ሰይድ ዛት ሺ ወዝ ሲክ" ብላዋለች።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

ሁለቱም ልክ ናቸው እህቴ። ሁለተኛውን ብቻዋን መሥራቷ ነው ዋናው። ልጅሽን ጎበዝ በይልኝ። "አስክድ" እና "ቶልድ" ያለባቸው ሲመጡ ደግሞ "ማን ለማን ተናገረ?" የሚለውን ጨምሪበት፤ በአማርኛ ይበቃል።

አስጠኚው

ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ቤት ለቤት እየዞርኩ አስጠናለሁ። ከልምዴ አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ልጆች በብዛት የሚሳሳቱት ብላንክ ስፔስ ላይ ነው፤ በተለይ ፕሪፖዚሽን ሲሆን። እኛ "በ" በምትል አንዲት ፊደል ሁሉን እንጨርሳለን። በአውቶቡስ፣ በጠዋት፣ በሰኞ፣ በቤት፣ በቢላ። እንግሊዝኛው ለእነዚህ "ባይ"፣ "ኢን"፣ "ኦን"፣ "አት"፣ "ዊዝ" ይላል። ልጁ "በ ማለት ምንድን ነው?" ብሎ ከጠየቀ መልስ የለውም። እኔ ቃሉን ብቻውን ማስጠናት አቁሜያለሁ። "ኦን መንደይ"፣ "ኢን ዘ ሞርኒንግ"፣ "አት ሆም"፣ "ባይ በስ" እያሉ አንድ ላይ በቃላቸው እንዲይዙት አደርጋለሁ። ሽምደዳ መጥፎ ነው ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን ሌላ መንገድ አላየሁም።

ሌላው ፓሳጅ ነው። "ዘ ቦይ ሁ ብሮክ ዘ ዊንዶው ራን አዌይ" የሚል ዓረፍተ ነገር አንዲት 9ኛ ክፍል ተማሪ "መስኮቱ ሮጦ አመለጠ" ብላ ተረጎመችልኝ። ቃላቱን ሁሉ ታውቃቸዋለች። ችግሯ የት ጋ ነው? እኛ "መስኮቱን የሰበረው ልጅ" ስንል ማብራሪያውን ከልጁ በፊት ነው የምናስቀምጠው። እንግሊዝኛው ከልጁ በኋላ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ "ዊንዶው" ከ"ራን" አጠገብ ስትደርስባት መስኮቱ የሮጠ መሰላት። በእርሳስ ከ"ሁ" እስከ "ዊንዶው" ያለውን ቅንፍ ውስጥ አስገባንና ሸፈንነው። "ዘ ቦይ ራን አዌይ" ቀረ። ሳቀች። አሁን ረጅም ዓረፍተ ነገር ስታይ ራሷ ቅንፍ ታስገባለች።

ጎግል ትራንስሌትን በተመለከተ፣ አማርኛ ከገባበት ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ለአንድ ቃል ጥሩ ነው። ሙሉውን ፓሳጅ ገልብጦ ማስተርጎም ግን አልመክርም፤ ልጁ አማርኛውን ያነብና እንግሊዝኛውን ሳያየው ያልፋል።

የመርካቶ ነጋዴ

እሺ፣ ቲቸርም አስጠኚውም ያላችሁት ገብቶኛል። ግን ወደ ተግባር እንምጣ። ማታ ያለኝ ሩብ ሰዓት ነው እንበል። በሩብ ሰዓት ምን ላድርግለት?

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሩብ ሰዓት ካለህ መልሱን ተወውና መመሪያው ላይ አተኩር። ልጆች ከሚያጡት ማርክ ብዙው የሚጠፋው የታዘዙትን ባለማወቅ ነው። "ሪራይት" ሲል ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደገና ጻፍ ማለቱ ነው፤ ልጁ ግን አንድ ቃል ብቻ ጽፎ ይሄዳል። "ማች" ሲል አዛምድ፣ "አንደርላይን" ሲል አስምርበት፣ "ኮምፕሊት" ሲል አሟላ ነው። "ትሩ ኦር ፎልስ" ብሎ "ጊቭ ሪዝን" ከጨመረበት ምክንያት እየጠየቀ ነው። እነዚህ ቃላት ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱ የሚመጡትም እነሱው ናቸው። በአንድ ወረቀት ላይ ከነትርጉማቸው ጻፉና የሚያጠናበት ቦታ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ሱቅ እያለህ በስልክ "የዛሬው መመሪያ ምን ይላል?" ብለህ ጠይቀው። በአማርኛ ከነገረህ ግማሹን ሠርቶታል። ማታ ስትገባ ያልቻለው ጥያቄ ላይ መልስ አትስጠው፤ ጎኑ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ "እዚህ ጋ አልገባኝም" ብሎ ለአስተማሪው ይጻፍ። ያንን የሚቀጣ አስተማሪ ካለ እኔ አልስማማበትም። እኔ ጋ የጥያቄ ምልክት ያለበት ደብተር ሲመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ከአሜሪካ ነኝ። በዲቪ ስንመጣ ልጃችን 9ኛ ክፍል ገባ፤ ኢሶል የሚባለው የእንግሊዝኛ ክፍል ተመደበ። እዚህ ያጋጠመንን ልንገራችሁ፤ ልጆቻችሁ ውጭ ሊማሩ ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል።

አገር ቤት እያለን ኮምፕሪሄንሽን ሲሠራ መልሱ ያለበትን መስመር ከፓሳጁ ላይ እንዳለ ገልብጦ ነበር የሚጽፈው። ራይት ይሆን ነበር። እዚህም እንደዚያው አደረገ። አስተማሪዋ ቤት ደወለች። "ኢን ዩር ኦውን ወርድስ" ተብሎ ተጽፏል፤ የሰው ጽሑፍ ገልብጦ እንደራስ ማቅረብ እዚህ ትልቅ ጥፋት ነው አለችን። ልጄ ደነገጠ፤ ማጭበርበር ነው የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው እንዲህ ነው። ፓሳጁን ያነባል። መጽሐፉን ይዘጋል። ያነበበውን ለእኔ በአማርኛ ይተርክልኛል፤ እኔም እንደ ወሬ እጠይቀዋለሁ፤ "እና ከዚያስ? ለምን እንዲያ አደረገ?" እያልኩ። ተርኮ ሲጨርስ፣ አሁንም መጽሐፉ ተዘግቶ፣ የነገረኝን በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል። መጀመሪያ ላይ አጭርና ሰባራ ነበር። ግን የራሱ ሐሳብ ስለሆነ ቀስ በቀስ እየረዘመ መጣ። ባለቤቴ "ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ እናውራው" ብሎ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። በአማርኛ ማሰብ የሚችለውን ነገር ነጥቀነው በተሰበረ እንግሊዝኛችን ብናወራው ሁለቱንም ያጣል።

ለአሜሪካ ወላጆች ደግሞ፦ ትምህርት ቤቱ ሲጠራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ። መብታችሁ ነው፤ ክፍያም የለውም። እኛ ያለንበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለወላጆች የሚላከውን ብዙ ወረቀት በአማርኛም ያወጣል። ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ ስለራሱ ውጤት እንዲያወራ አታድርጉት።

የመርካቶ ነጋዴ

መጽሐፉን ዘግቶ መተረክ የሚለውን ወድጄዋለሁ። ይህንንስ ሱቅ እየዘጋሁም በስልክ ላደርገው እችላለሁ።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ

ሰላም፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ውይይታችሁን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ቲቸር፣ እኔንም ይርዱኝ እባክዎ። ቾይስ ነው። "ኢፍ አይ ዳሽ ሪች፣ አይ ዉድ ቢልድ ኤ ስኩል" ይላል። ምርጫዎቹ "አም"፣ "ወር"፣ "ዊል ቢ" ናቸው። እኔ "አም" አልኩ፤ ጓደኛዬ "ወር" ነው አለች። "አይ" ካለ "ወዝ" እንጂ "ወር" እንዴት ይሆናል?

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

ጎሽ ልጄ፣ ጥሩ አድርገሽ ነው የጠየቅሽው። መጀመሪያ ወደ አማርኛ መልሺልኝ። "ሀብታም ከሆንኩ" ነው ወይስ "ሀብታም ብሆን"? ለመለየት ሁለተኛውን ክፍል እይው። "አይ ዉድ ቢልድ" ነው የሚለው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ

"ዉድ" ስላለ... "እሠራ ነበር" ነው መሰለኝ። "ሀብታም ብሆን ትምህርት ቤት እሠራ ነበር።" "ሀብታም ከሆንኩ እሠራ ነበር" አያስኬድም።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

በጣም ጥሩ። "ብሆን" ስትይ አሁን ሀብታም ነሽ?

የ10ኛ ክፍል ተማሪ

አይደለሁም። ምኞት ነው።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

እንግሊዝኛ እንዲህ እውነት ያልሆነ ነገር ሲመኝ፣ የሚያወራው ስለ አሁን ቢሆንም ግሡን ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ስለዚህ "አም" ወጣ። "ዊል ቢ" ደግሞ ከ"ኢፍ" ጋር በዚህ ቦታ አይሄድም። የቀረው "ወር" ነው። "ወዝ" ያልሽው በንግግር ይሰማል፤ በመጽሐፋችሁና በፈተና ግን ለምኞት "አይ"ም "ሂ"ም "ሺ"ም "ወር" ነው የሚወስዱት። ጓደኛሽ ልክ ናት።

አሁን እነዚህን ሁለቱን ሞክሪልኝ። "ኢፍ ኢት ሬይንስ፣ ዊ ዳሽ አት ሆም" እና "ኢፍ ሺ ሃድ ስተዲድ፣ ሺ ዳሽ ዘ ኤግዛም"። ከመጻፍሽ በፊት ሁለቱንም በአማርኛ በያቸው።

የ10ኛ ክፍል ተማሪ

የመጀመሪያው "ከዘነበ ቤት እንቆያለን" ነው። ሊዘንብ ይችላል፤ ምኞት አይደለም። "ዊ ዊል ስቴይ አት ሆም።"

ሁለተኛው "አጥንታ ቢሆን ኖሮ ፈተናውን ታልፍ ነበር" ነው። አላጠናችም፤ አላለፈችም፤ አልቋል። "ሺ ዉድ ፓስ" ልል ነበር፤ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለሆነ "ሺ ዉድ ሃቭ ፓስድ" መሰለኝ።

አስጠኚው

ቲቸር እስኪመጡ እኔ ልመልስልሽ፤ ሁለቱም ልክ ናቸው። "ኖሮ" የሚለው በአማርኛሽ ውስጥ ሲገባ በእንግሊዝኛው "ሃቭ" እንደሚያስፈልግ አስታውሺ። ይህን ዘዴ ለተማሪዎቼም ልወስደው ነው።

ቲቸር ዘኮምቦልቻ

ትክክል ነው። "ሃቭ" ካለ በኋላ ግሡ ሦስተኛው ቅርጽ መሆን አለበት፤ "ጎ" ከሆነ "ጎን"፣ "ራይት" ከሆነ "ሪትን"። እነዚህ በሕግ የማይሄዱ ስለሆኑ ዝርዝራቸውን ከመጽሐፍሽ መጨረሻ ላይ ፈልጊ፤ ካጣሽው እኔ ጽፌ እለጥፍልሻለሁ። የቀሩሽን ጥያቄዎች በራስሽ ሠርተሽ አምጪና አብረን እናያቸዋለን።